የባንተአምላክ ግራ ዓይን

ባንተአምላክ ዘሩ ሦስት ጊዜ የአገር ሻምፒዮን ሆኗል። ሦስት ወርቅ አንገቱ ላይ ተጠልቆለታል። ለሦስቱ ወርቅ በቡጢ የተጋጠመው ግን ሁለት ቀን ብቻ ነው። የቀረውን ሁሉ ያሸነፈው ሚዛን ላይ ወጥቶ በመውረድ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከባድ ሚዛን የሚባለው የቦክስ ክብደት በአገራችን ሰው የለውም። ሯጩም ገበሬውም ወታደሩም ቀጭን ነው። ከዘጠና ኪሎ በላይ ሆኖ፣ ጓንት አጥልቆ፣ በዚያ ላይ ጥርሱን ለማስረገፍ የፈቀደ ሰው ከየት ይመጣል? የባንተአምላክ ስም ይጠራል፤ ገመዱን አልፎ ይገባል፤ ወዲያ ማዶ ያለው ጥግ ባዶ ነው። ዳኛው የእሱን እጅ ብቻ ያነሣል፤ ሰው ያጨበጭባል፤ ሜዳሊያው ይመጣል። ፍኖተ ሰላም ሲመለስ በባጃጅ አጅበው፣ ጥሩምባ እየነፉ ይቀበሉታል። እሱ ግን ፊቱ አይፈታም። «ማንን አሸነፍህ?» የሚል ሰው እንዳይመጣበት ይሰጋ ነበር። ማንም አልጠየቀውም። ራሱን ግን በየቀኑ ይጠይቅ ነበር፤ በጠየቀ ቁጥርም ይናደድ ነበር።

የተወለደው ከማንኩሳ ወጣ ብላ ባለች የገበሬ መንደር ነው። ስምንተኛ ክፍል ሳለ እናቱ ወይዘሮ ንግሥቴ ሞቱበት፤ ትምህርቱን በዚያው ተወው። ታላቅ እህቱ ሥርጉት ግን ጨክና ተማረችና ነርስ ሆና ፍኖተ ሰላም ገባች። አባታቸው አቶ ዘሩ አጭር፣ ደረቅ፣ ነገር የማይወዱ ገበሬ ናቸው። ልጃቸውን ቀና ብለው እያዩ «ይህን ግንድ ከየት አመጣሁት?» ይሉ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው ተሰናብቷቸው ቡሬ ሄደና እህል ተራ ጫኝና አውራጅ ሆነ። ሌላው ጉልበቱ እየተንቀጠቀጠ የሚወጣውን የመኪና ጣውላ እሱ የበቆሎ ኩንታል ትከሻው ላይ አድርጎ እያወራ ይወጣው ነበር።

አንድ ቀን አንድ የጭነት መኪና ሾፌር፣ ጆንያ ያስቀደዱ ሽማግሌ ወዛደር በጥፊ መታ። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው የፈሰሰውን በቆሎ ይለቅሙ ጀመር። ባንተአምላክ ይህን ሲያይ ኩንታሉን ከትከሻው ሳያወርድ ዞሮ ሾፌሩን መታው። ሾፌሩ ከገዛ መኪናው ጎማ ሥር ተዘረረ፤ ውሃ ደፍተውበት ነው የነቃ።

ባንተአምላክ ፖሊስ ጣቢያ ገባ። በማግስቱ አንድ ጠጉሩ የሸበተ፣ አፍንጫው የተጣመመ ሰው ሊጠይቀው መጣ። ይርሳው ይባላል። ድሮ በጦር ሠራዊት ቡድን ቦክስ የተጋጠመ፣ አሁን በፍኖተ ሰላም ወጣት ማዕከል የሚያሠለጥን ሰው ነው። ለእህል ጉዳይ ቡሬ መጥቶ ወሬውን ሰምቷል።

«ስንት ጊዜ መታኸው?» አለ ይርሳው።

«አንድ ጊዜ።»

«በየትኛው እጅህ?»

«በግራዬ።»

«ግራኝ ነህ?»

«አይደለሁም። በቀኜ ኩንታሉን ይዤ ነበር።»

ይርሳው ሳቀ። ሾፌሩን በሽማግሌ አስታርቆ ባንተአምላክን አስፈታው፤ ከዚያም ፍኖተ ሰላም ይዞት ሄደ።

የወጣት ማዕከሉ የቦክስ ክፍል አራት ግድግዳና አንድ የቆርቆሮ ጣሪያ ነው። አሸዋና ጭድ የተጠቀጠቀበት ጆንያ ከባሕር ዛፍ ወራጅ ላይ ተንጠልጥሏል። ለአሥራ አራት ሰው ሁለት ጥንድ ጓንት አለ። ባንተአምላክን የሚመጥን ሰው ስላልነበረ ይርሳው ሁለት ቀላል ሚዛን ልጆች በየተራ ያስገባበት ነበር፤ አንዱ ሲደክም ሌላው። ልጆቹ ፈጣኖች ነበሩ፤ እንደ ንብ እየነደፉት ይሸሻሉ። እሱ ይናደዳል፤ ሲናደድ ይስታል።

«ተናድደህ አትምታ አልልህም» ይለው ነበር ይርሳው። «ቁጣህ ሀብትህ ነው። እኔ የምልህ ተናድደህ እይ ነው። ሰው ሲናደድ የፊቱን አያይም፤ የፊቱን ያላየ ቦክሰኛ ደግሞ ጆንያ ነው።»

ባንተአምላክ ተማረ። አራት ዓመት ፈጀበት። እግሩ ቀለለ፤ ግራ እጁ ከበር እንደሚወጣ ውሻ ሳይታሰብ ይደርስ ጀመር። ችግሩ የሚደርስበት ሰው ማጣቱ ነበር። ሦስቱ ወርቆች የመጡት በዚህ መካከል ነው።

እንድሪያስ የሚባለው ሰው የመጣው ከሦስተኛው ወርቅ በኋላ ነው። የአዲስ አበባ ሰው ነው። አፉ ለስላሳ፣ ልብሱ ንጹሕ፣ ስልኩ የማያርፍ። ቦክሰኞችን ውጭ አገር ወስዶ በፕሮፌሽናል ደረጃ የሚያጋጥም አስተዳዳሪ ነኝ አለ። ስለ ገንዘብ ብዙ ተናገረ፤ ባንተአምላክ ግን የሰማው አንዲት ቃል ብቻ ነበር።

«አንተ የጎደለህ ሰው ነው» አለው እንድሪያስ። «እኔ ሰው አገኝልሃለሁ። ከፊትህ የሚቆም ሰው።»

ይህን በሰማ ጊዜ የባንተአምላክ ልብ ተነሣ። ይርሳው አብሮት ሊሄድ ተሰናድቶ ሳለ እንድሪያስ ቪዛ የተገኘው ለአንድ ሰው ብቻ ነው አለ። ይርሳው ባንተአምላክን ወደ ጥግ ወሰደው።

«ከገመዱ ውጭ ቆሞ ‹በቃው› የሚልልህ ሰው ያስፈልግሃል» አለው። «እዚያ ማን ይልልሃል?»

«አይዞህ ጋሼ፣ ‹በቃው› የሚያስብል ነገር አይመጣም» አለ ባንተአምላክ።

በመጀመሪያ ነገሩ እውነት መሰለ። ናይሮቢ ላይ የመጀመሪያውን ሰው በሁለተኛው ዙር ጣለው። ሰውዬው ሲወድቅ ባንተአምላክ ከደስታው ብዛት ሊያነሣው ጎንበስ ሲል ዳኛው ገፍቶ አራቀው። ሁለተኛውንም እዚያው ናይሮቢ በነጥብ አሸነፈ። ሦስተኛው ግጥሚያ ካምፓላ ነበር። በአምስተኛው ዙር የባላጋራው አውራ ጣት ከነጓንቱ ግራ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ዓይኑ አብጦ፣ ውሃ እያፈሰሰ፣ እስከ መጨረሻው ቆሞ በጠባብ ነጥብ ተሸነፈ።

ከዚያ ወዲያ በግራ ዓይኑ ዝንብ የሚመስል ጥቁር ነገር ይበርበት ጀመር። አንዳንዴም ሰማይ ሳይደምን መብረቅ ብልጭ ይልበታል። ለእንድሪያስ ነገረው። ለሚቀጥለው ግጥሚያ የሐኪም ወረቀት ያስፈልግ ስለ ነበር እንድሪያስ ናይሮቢ ላይ ወደ አንድ የዓይን ሐኪም ወሰደው። ሐኪሙ ሽማግሌ ነበሩ። በብርሃን ዓይኑን ሲመረምሩ ረጅም ጊዜ ቆዩ። ከዚያ ወንበራቸውን ወደ እሱ አዙረው ተናገሩ፤ ብዙ ተናገሩ። እንድሪያስ ሲተረጉመው አጠረ።

«ዓይንህ ደክሟል ነው የሚሉት። ጠብታ ይሰጡሃል።»

ሐኪሙ ሁለት ቡጢያቸውን አንሥተው እንደ ቦክሰኛ አሳዩትና ራሳቸውን ነቀነቁ። እጃቸውን አጣምረው ደግመው ነቀነቁ።

«ምን እያሉ ነው?» አለ ባንተአምላክ።

«ለሁለት ሳምንት ልምምድ የለም፣ ዕረፍት አድርግ ነው።»

ሐኪሙ ወረቀት ጽፈው እንድሪያስን አስፈረሙት። ባንተአምላክ ከወንበሩ ሲነሣ ግን የወረቀቱን ቅጂ ራሳቸው አጥፈው በእጁ አስጨበጡትና እጁን ያዝ አድርገው ዓይን ዓይኑን አዩት። እንድሪያስ ስልክ ሊያነሣ ወደ በሩ ዞሮ ስለ ነበር አላየም። ባንተአምላክ ወረቀቱን ሻንጣው ኪስ ውስጥ ከተተው። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው፤ በዚያ ላይ የሐኪም እጅ ነው። ማንን ያስነብባል? ለማስነበብስ፣ አላነብም ብሎ ለማን ይናገራል?

አራተኛው ግጥሚያ አንድ የአረብ አገር ከተማ ውስጥ ተያዘ፤ የሚፈለገውን የሐኪም ወረቀት እንድሪያስ ከሌላ ቦታ አመጣ። ባላጋራው ሃያ አንድ ጊዜ ተጋጥሞ ሃያ አንዱንም ያሸነፈ፣ ፎቶው በየግድግዳው የተለጠፈ ሰው ነው። ባንተአምላክ በደረሰ በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ የሆቴሉን መተላለፊያ የምትወለውል አንዲት ሴት አማርኛ ሲናገር ሰማችው።

«የየት አገር ሰው ነህ ወንድሜ?» አለችው።

«የጎጃም። የማንኩሳ።»

«እሰይ። እኔ የሽንዲ ነኝ። ሠርክአዲስ እባላለሁ።» መወልወያዋን ግድግዳ ላይ አስደግፋ ዙሪያዋን አየች። «አንድ ነገር ልንገርህና አትቆጣኝ።»

«ተናገሪ።»

«ግጥሚያውን የሚያዘጋጁት ሰዎች ስላንተ ሲያወሩ ሰማሁ። አረብኛ እሰማለሁ፤ ስድስት ዓመቴ ነው። ‹ሰውነቱ ትልቅ ነው፣ ሲወድቅ ያምራል› አሉ። ያመጡህ ለዚህ ነው። የእነሱ ሰው እንዲጥልህ።»

ባንተአምላክ ጆሮው ጋለ። እንድሪያስን ሆቴሉ ምግብ ቤት አግኝቶ የሰማውን ነገረው። እንድሪያስ ሹካውን እንኳ አላስቀመጠም።

«አንተ ደግሞ የጽዳት ሠራተኛ ወሬ ትሰማለህ?» አለው።

ባንተአምላክ በዚያች ቅጽበት ጥሎ መሄድ ነበረበት፤ ዛሬም ራሱን የሚረግመው በእሷ ነው። ቁጣው ግን ወደ ቤት አልመለሰውም፤ ወደ ሪንጉ ነው የወሰደው። ‹ሲወድቅ ያምራል› የሚለው ቃል ደረቱ ውስጥ እንደ ፍም ተቀምጦ ነበር። እስከ አራተኛው ዙር ያ ሃያ አንዴ ያሸነፈ ሰው ሲያፈገፍግ ዋለ። በሦስተኛው ዙር የባንተአምላክ ግራ እጅ አግኝቶት ጉልበቱ ታጠፈ፤ አዳራሹ ጸጥ አለ። ባንተአምላክ በሕይወቱ እንደዚያ ጸጥታ የሚጣፍጥ ነገር ሰምቶ አያውቅም።

በአምስተኛው ዙር መካከል ከግራ ዓይኑ ሥር ጥቁር ነገር ተነሣ። ጎርፍ ከታች ወደ ላይ ጉድጓድ እንደሚሞላ ሆኖ ቀስ እያለ ወጣ፤ ዙሩ ሲያልቅ ሞልቶ ነበር። ጥጉ ላይ ተቀምጦ «በግራዬ አላይም» አለ። በጥጉ የቆሙት ሁለት የማያውቃቸው ሰዎች አማርኛ አይሰሙም። እንድሪያስ ከኋላ ሆኖ ሰምቷል።

«ላብ ነው፤ ጥረገው» አለው።

ባላጋራው ነገሩ ገባው። ከዚያ በኋላ የመታው ቡጢ ሁሉ ከግራ ነበር። ባንተአምላክ ሲመጣ አያየውም፤ ሲያርፍበት ብቻ ያውቀዋል። ስድስተኛውን ቆመ። ሰባተኛውን ቆመ። ገመዱን ተደግፎ ቆመ፤ ባላጋራውን አቅፎ ቆመ። በስምንተኛው ዙር ዳኛው መካከል ገብቶ ግጥሚያውን አስቆመ። ባንተአምላክ ተሸነፈ፤ አልወደቀም ግን። ቆሞ ነው የተሸነፈው። እንድሪያስ በማግስቱ አውሮፕላን ማረፊያ አድርሶት ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲያ ስልኩ አልሠራም።

ተዘግቶ የከረመው መንገድ በተከፈተ ሰሞን ፍኖተ ሰላም ገባ። በባጃጅ የሚያጅበው እንዳይመጣ ለማንም ሳይናገር እህቱ ቤት ተደበቀ። ሥርጉት በሩን ከፍታ ስታየው ፊቱን አልነበረም ያየችው፤ አካሄዱን ነበር። የበሩን መቃን በግራ ትከሻው ገጭቶት ገባ።

በሳምንቱ ባሕር ዳር ወሰደችው። የዓይን ሐኪሙ መርምረው ሲጨርሱ «ከውስጥ ያለው የዓይን መጋረጃ ተቀድዶ ሙሉ በሙሉ ተላቅቋል። ቀዳዳው ትንሽ ሳለ ቢመጣ ኖሮ ቀላል ነበር። አሁን ረፍዷል» አሉ።

ቤት ገብታ ሻንጣውን ልታጥብለት ኪሱን ስትፈትሽ ወረቀቱን አገኘችው። ቆማ አነበበችው። ተቀምጣ ደግማ አነበበችው።

«ባንቴ፣ ይህን ማን ሰጠህ?»

«ናይሮቢ ያለ ሐኪም።»

«መቼ?»

«ከመጨረሻው ግጥሚያ በፊት። ጠብታ አዘዙልኝ።»

ሥርጉት ጣቷን በጽሑፉ ላይ አስኬደች። «ዓይኑ ተቀድዷል፣ ቀዶ ሕክምና ሳይደረግለት እንዳይጋጠም ነው የሚለው። ከተጋጠመ ይታወራል ነው የሚለው። ይህን ሻንጣህ ውስጥ ይዘህ ነው የተጋጠምኸው።»

ባንተአምላክ ከሻንጣው ራቅ ብሎ ተቀመጠ።

«እኔ ነርስ ነኝ» አለች ሥርጉት፤ ድምጿ ከፍ አላለም፣ ግን እንደ ቢላ ነበር። «በስልክህ ፎቶ አንሥተህ ብትልክልኝ በአንድ ደቂቃ አነብልህ ነበር። ለምን አልላክኸውም?»

«አፈርሁ፣ እትዬ።»

«ከእኔ?»

«ከአንቺ። ከሁሉም። ሦስት ወርቅ ያለው ሰው አንዲት ወረቀት አንብቡልኝ ሲል።»

ሥርጉት እንባዋን በመዳፏ ጠራርጋ ወረቀቱን በሦስት ቅጂ ፎቶ ኮፒ አስደረገችው።

ባንተአምላክ ቁጣውን የት እንደሚያኖረው ጠፋው። ያ ቁጣ ቡሬ እያለ ከእጁ ይወጣ ነበር፤ አሁን መውጫ አጣ። በእንድሪያስ ተቆጣ። አረብኛ በሚናገሩት ሰዎች ተቆጣ። ከሁሉም በላይ በራሱ ተቆጣ፤ እነዚያ ሽማግሌ ሐኪም ዓይን ዓይኑን ሲያዩት ነገሩ የሁለት ሳምንት ዕረፍት እንዳልሆነ ልቡ አውቆ ነበር፤ ልቡን ዝም አሰኘው። የቦክስ ፌዴሬሽኑ ቢሮ ደወለ፤ የፕሮፌሽናል ጉዳይ እኛን አይመለከትም ተባለ። ይርሳው ዘንድ ሄዶ ጆንያውን እስኪቀደድ መታው። ይርሳው ‹ብዬህ ነበር› አላለም። መርፌና ሲባጎ አምጥቶ ጆንያውን መስፋት ጀመረ።

በአምስተኛው ወር፣ በአንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ባንተአምላክና ሥርጉት አባታቸውን ሊጠይቁ ማንኩሳ ሄደው ሳለ፣ አንዲት ነጭ መኪና በአቶ ዘሩ ደጅ ቆመች። ሦስት ሽማግሌዎች ወረዱ። መሪያቸው የደብሩ መምህር መሪጌታ ወንዳወቅ ናቸው፤ በቅኔያቸው አገር የሚያውቃቸው፣ ባንተአምላክን ፊደል ያስቆጠሩት የኔታ። ከኋላቸው እንድሪያስ ወረደ።

በአገሩ ወግ በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ይመጣል። እንድሪያስም ድንጋይ ማጅራቱ ላይ አድርጎ አጎንብሷል። ድንጋዩ ሸሚዙን እንዳያቆሽሽ ግን ከሥሩ መሐረብ አንጥፎበታል። ባንተአምላክ መሐረቧን አየ። ነጭ ናት፤ ጠርዟ ተጠልፏል።

«እህስ፣ ዘሩ» አሉ መሪጌታ በረንዳው ላይ ከተቀመጡ በኋላ። «ይህ ሰው አዲስ አበባ ካሉ ዘመዶቻችን ዘንድ አማላጅ ልኮ ለመነን። ልጅህ በእሱ እጅ ሳለ ተጎድቷል። ካሣ ይከፈል፣ ይቅርታ ይባል፣ ነገሩ ይብረድ ብለን መጣን።»

አቶ ዘሩ ተነሥተው እጅ ነሡ። «የኔታ፣ አንቱ መጥተው እምቢ አይባልም። ባንተአምላክ፣ ልጄ፣ ድንጋዩን አውርድለት።»

ባንተአምላክ አልተንቀሳቀሰም።

«ሽማግሌ በደጅህ ቆሟል» አሉ አባቱ፤ ፊታቸው ቀላ። «አታዋርደኝ።»

«አባባ፣ እምቢ አላልሁም። የበደለኝ ሰው ምን እንደበደለኝ ይናገርና አወርድለታለሁ።»

እንድሪያስ ከድንጋዩ ሥር ሆኖ ተናገረ። «ስፖርት ነው፤ ጉዳት ያለ ነው። እኔም አዝኛለሁ። ሲመታ የተጎዳ ዓይን ነው፤ እኔ አልመታሁትም።»

ሥርጉት ከቤት ወጥታ ወረቀቱን ለወንድሟ ሰጠችው። ባንተአምላክ ተነሥቶ ድንጋዩን በአንድ እጁ ከእንድሪያስ ማጅራት ላይ አንሥቶ መሬት ላይ አኖረውና ወረቀቱን አስጨበጠው።

«አንብባት» አለ።

እንድሪያስ ወረቀቱን ሲያይ ከንፈሩ ደረቀ። ቅጂ መኖሩን አላወቀም ነበር። ቢሆንም ፈጣን ሰው ነው፤ በእንግሊዝኛ ጥርግ አድርጎ አነበበው። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«ልጄ» አሉ መሪጌታ፤ «እኛ በማናውቀው ቋንቋ ማስታረቅ አንችልም። በአማርኛ።»

እንድሪያስ ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አቀረበ። «ታካሚው... የግራ ዓይኑ ተመርምሯል። መቀደድ ታይቶበታል። ቀዶ ሕክምና ይመከራል... ጠብታ ታዝዟል። በቃ ይኸው ነው።»

«ሁለት መስመር ዘለልህ» አለች ሥርጉት።

«ቃሉ ይከብዳል፤ የሕክምና ቃል ነው።»

«አይከብድም። ካቃተህ እኔ ላንብበው፣ ከታች ያለውን ፊርማም አብሬ ላሳያቸው?»

መሪጌታ መቋሚያቸውን አንድ ጊዜ መሬት ላይ መቱ። «እሱ ያንብብ።»

እንድሪያስ አነበበ። ድምፁ እየወረደ፣ ቃል በቃል አነበበ። «‹ቀዶ ሕክምና ሳይደረግለት ከተጋጠመ የግራ ዓይኑን ብርሃን ፈጽሞ ያጣል። ይህንን ለታካሚው እንዲተረጉምለት ለአስተዳዳሪው አስረድቻለሁ፤ መረዳቱንም ፈርሟል።›»

«የማን ፊርማ ነው?» አሉ መሪጌታ።

«የእኔ።»

«ግጥሚያው ከዚህ በኋላ በስንት ቀኑ ሆነ?»

«በአሥራ ዘጠኝ ቀን» አለ ባንተአምላክ።

ያን ጊዜ እንድሪያስ ዝም ቢል ኖሮ ምናልባት ነገሩ በዚያው ያልቅ ነበር። ግን የለመደው ማውራት ነው።

«ትኬት ተቆርጦ፣ ሁሉ ነገር አልቆ ነበር እኮ! እኔ ባልወስደው ሌላው ይወስደው ነበር። አሁንም ባዶ እጄን አልመጣሁም። ጥሩ ግጥሚያ ይዤለታለሁ። ክብደቱን መዝነው ያስገቡታል፤ እዚያ ዓይን አይመረምሩም።»

አቶ ዘሩ ቀና አሉ። «ምን አልህ?»

«ዓይን አይመረምሩም ነው ያልሁ አባት፤ ስለዚህ ችግር የለውም።»

አቶ ዘሩ ሰው መትተው አያውቁም። በሬ እንኳ ሲመቱ አለንጋውን አየር ላይ አጩኸው ነው እንጂ አያሳርፉትም። ከተቀመጡበት ሲነሡ ዱላቸውን ማን እንዳቀበላቸው ባንተአምላክ አላየም። ያየው ዱላው ወደ ላይ ሲወጣ ነው። እሱ ራሱ አምስት ወር ሙሉ ይህን ሰው የሚያገኝበትን ቀን ሲመኝ፣ በየትኛው እጁ የት ላይ እንደሚያሳርፍበት ሲያሰላ ኖሯል። ቡጢው ተጨብጦ ነበር። ግን አባቱ ቀደሙት፤ ዱላው ቢያርፍ ደግሞ እሳቸው ሰው ገዳይ ሆነው ወህኒ ይገባሉ። ዘልሎ ከኋላ አቀፋቸው።

«ልቀቀኝ!»

«አባባ፣ ተዉ።»

«ልቀቀኝ ነው የምልህ! ዓይን አይመረምሩም አለኝ እኮ፤ በደጄ ላይ ቆሞ!»

አባቱ በእቅፉ ውስጥ እንደ ወፍ ቀላል ነበሩ፤ ልባቸው በክንዱ ላይ ይደልቃል። ቡጢውን ፈትቶ ዱላውን ከእጃቸው ቀስ አድርጎ እስኪያወጣ እንድሪያስ መኪናው ውስጥ ገብቶ ነበር። ሽማግሌዎቹን ያመጣቸው በዚያችው መኪና ቢሆንም ማንም አብሮት አልገባም።

መሪጌታ ተነሡ። «ሽምግልናውን አንሥቻለሁ» አሉ። ከዚያ እንደ ልማዳቸው ቃሉን ገለበጡት፦ «ይህ ሰው ከብርሃን ላይ ብሩን ቆርጦ ወሰደ። የቀረው ‹ሃን› ብቻውን አይነበብም።»

ከዚያ በኋላ ባንተአምላክ እንድሪያስን ፍርድ ቤት ከሰሰው። ይርሳው ምስክር ሆኖ ቀረበ። የእንድሪያስ ጠበቃ ውሉ የተፈረመው ውጭ አገር ነው፣ ወረቀቱም ሕጋዊ ትርጉም የለውም እያለ ቀጠሮ ያስለውጣል። ወረቀቱ ተተርጉሞ ማኅተም እስኪያርፍበት ሌላ ሁለት ቀጠሮ ሄደ። ባንተአምላክ ቡሬ ተመልሶ ሸክም ጀምሯል። ኩንታሉን አሁን በግራ ትከሻው ነው የሚያኖረው፤ በቀኝ ካደረገው የሚያየው ነገር አይኖርማ። በሳምንት ሁለት ቀን ይርሳውን ያግዛል። ውጭ አገር እወስዳችኋለሁ የሚል ሰው ወደ ክፍሉ ከመጣ ባንተአምላክ በሩ ላይ ይቆምና የያዘውን የውል ወረቀት ሁሉ በሁሉም ፊት ጮኾ እንዲያነብ ያደርገዋል። እስካሁን ሁለት ሰዎች መጥተዋል፤ አንዱ ሳያነብ ሄደ።

ቁጣው ግን አልበረደም። በፍልሰታ ጾም መሪጌታ ወንዳወቅ ማንኩሳ ገበያ አጠገብ አገኙትና ከጥላ ሥር አስቀመጡት።

«ሥጋ ወደሙ ሳትቀበል ሁለተኛ ዓመትህ ነው» አሉት። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት እንዲሉ ነው።»

«አውቃለሁ፣ የኔታ።»

«ልትተወው አልቻልህም?»

«የኔታ፣ ይቅር የምለው ሰው ‹አደረግሁ› ማለት አለበት። ‹ስፖርት ነው› አለ፤ ‹ትኬት ተቆርጦ ነበር› አለ፤ አሁን በጠበቃው አፍ ‹ወረቀቱን አይቼው አላውቅም› ይላል። አላደረግሁም የሚልን ሰው ምኑን ይቅር እላለሁ?»

መሪጌታ መቋሚያቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ።

«አይቼው አላውቅም አለ?»

«በጽሑፍ ነው ያቀረበው።»

«በእኔ ፊት አንብቦታል እኮ። ፊርማው የእኔ ነው ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።» ገጻቸው ላይ ባንተአምላክ በልጅነቱ ብቻ ያየው ቁጣ መጣ፤ ተማሪ ዜማ ሲያበላሽ የሚመጣው። «ቀጠሮው መቼ ነው?»

«ጥቅምት ስምንት።»

«በስንት ሰዓት?»

«በሦስት ሰዓት።»

«እንግዲያው በዚያ ቀን ከንጋቱ በአሥራ ሁለት ሰዓት ሚኒባስ መሳፈሪያው ላይ ጠብቀኝ» አሉ መሪጌታ፤ ተነሥተውም ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እነዚያን ሁለቱን ሽማግሌዎች ይዤ እመጣለሁ።»